የድሮ ተማሪዎችን ወሬ ማሰባሰብ (ጅማ)፦ ከግሩፕ ይጀመር ወይስ ከሮስተር?

የአዌቱ ልጅ
ሰላም የጅማ ልጆች። የ1998 ባች (ያኔ 10ኛን የተፈተነው) ሃያ ዓመት ሞላው። ማን የት እንዳለ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንዳረፈ በአንድ መዝገብ ለመያዝና በ2019 ጅማ ላይ ለመገናኘት ታስቧል። የቴሌግራም ግሩፕ ተከፍቶ 90 ሰው ገብቷል፤ የገባው ግን ድሮም የሚደዋወለው ነው። 22 ጥያቄ ያለው የጎግል ፎርም ተለቆ የሞሉት 14 ናቸው። ከሌላ ባች ይህን ሥራ የምታውቁ፣ ከየት ይጀመራል? የሚበላሸውስ ምኑ ላይ ነው?

መዝገብ ቤት
ግሩፕ ስትከፍቱ ሥራው የተጀመረ ይመስላችኋል። ግሩፕ የሚያሳያችሁ ዳታ የሚገዛውን፣ ስልኩ ያልተቀየረውን፣ ወሬውን ለመናገር የማያፍረውን ሰው ነው። እናንተ የሚያስፈልጋችሁ የሌለውን ሰው የሚያሳይ ወረቀት ነው። እሱ ደግሞ ሮስተር ነው፣ የየሴክሽኑ ተማሪ ስምና ውጤት የሰፈረበት የትምህርት ቤቱ መዝገብ።

ለርዕሰ መምህሩ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ ሦስት የባቹ ልጆች ይፈርሙበት፣ የመታወቂያ ኮፒ አያይዙ። የምትፈልጉት ስምና ሴክሽን ብቻ መሆኑን በግልጽ አስቀምጡ። ሮስተር ላይ ውጤትና ደረጃ ስላለ ሪከርድ ክፍሉ ኮፒ አልሰጥም ቢል ልክ ነው፤ በስልክ ፎቶ ለማንሳትም አትሞክሩ። እዚያው ቁጭ ብሎ ስም መገልበጥ ግን ሲጠየቅ ይፈቀዳል። በጥንድ ሥሩ፦ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል። ብቻውን የሚገለብጥ ሰው መስመር ይዘላል። አንድ ሴክሽን ባለቀ ቁጥር የሮስተሩን የመጨረሻ ተራ ቁጥር ከራሳችሁ ጋር አስተያዩ፤ አንድ ከጎደለ እዚያው ፈልጉት፣ ለነገ አታሳድሩ።

የ10ኛን ብቻ አትገልብጡ። የ9ኛንም ውሰዱ። 9ኛ ላይ ኖሮ 10ኛ ላይ የሌለው፣ ማለትም ያቋረጠው፣ ወደ አጋሮ ወይ ሰቃ የተመለሰው፣ በመሃል የተዳረችው፣ በየባቹ የሚረሳው እሱ ነው። 8 ሴክሽን ኖሯችሁ በአንዱ 65 ልጅ ቢኖር 520 ስም ይወጣችኋል። 90 ሰው አገኘን ስትሉ 430 ሰው አላገኛችሁም ማለት ነው።

ሰንጠረዡ ላይ አንድ የሮስተር ስም አንድ መስመር ይይዛል። ፎርም የሞላ ሁሉ አዲስ መስመር ከተከፈተለት በሁለት ወር ውስጥ አንዱ ሰው ሦስት ቦታ ይገኛል። ዓምዶቹ፦ ተራ ቁጥር፣ ስም እስከ አያት፣ ሴክሽን፣ አሁን ያለበት ከተማ፣ ሥራ፣ ወሬውን ያመጣው ሰው፣ የተረጋገጠበት ቀን፣ እና "ለሌሎች ይነገር ብሏል ወይ?" የምትል አንዲት ዓምድ። ስልክ ቁጥር በሌላ ገጽ ይቀመጥ፤ የሚያየውም ሁለት ሰው ብቻ ይሁን።

ሸዋበር
@መዝገብ ቤት ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ከዚያ በፊት "የ1998 ባች" ማለት ማን እንደሆነ ወስኑ። ከ1993 ገደማ እስከ 2011 ድረስ ብሔራዊ ፈተናው ሁለት ነበር፤ አንዱ 10ኛ ላይ፣ አንዱ 12ኛ ላይ። በ1998 10ኛን የጨረሰው ግማሹ ቴክኒክና ሙያ ገባ፣ ግማሹ ፕሪፓራቶሪ ገብቶ በ2000 12ኛን ተፈተነ፣ ሌላው እዚያው ቆመ። ፕሪፓራቶሪ የጨረሱት "ባቻችን 2000 ነው" ይሏችኋል፤ አልዋሹም። 10ኛን መስፈሪያ ካላደረጋችሁ በውጤት ምክንያት የቆሙት ሁሉ ከመዝገቡ ይወጣሉ። ደግመው የተፈተኑትን ደግሞ ሁለት ባች ይጠራቸዋል፤ የመረጡበት ይግቡ።

ሌላው የዘመን አቆጣጠር ነው። ውጭ ያለ ሰው "2006 ጨረስኩ" ብሎ ሲሞላ በፈረንጅ ነው፣ የእኛ 1998 ማለት ነው። አገር ውስጥ ያለ 2006 ካለ ግን ስምንት ዓመት የሚያንስ ልጅ ነው፣ በስህተት የገባ። ፎርሙ ላይ ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ። "የ10ኛ ሴክሽንህና የክፍል ኃላፊህ ማን ነበሩ?" በሉ። ባቹም ይለያል፣ አስመሳይም ይለያል።

ቁቤና ፊደል
ስለ ስም ትንሽ ልጨምር፤ የጅማ ሮስተር ከሌላው ከተማ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

ሮስተሩ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጻፈው፣ ተራውም በዚያው ነው። ጫላ በእንግሊዝኛው ልማድ በ"ሲ" እና "ኤች" ይጀምራል፣ በቁቤ (አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል) ግን በ"ሲ" ብቻ፤ አናባቢውም ይደገማል። ቀበና በእንግሊዝኛ በ"ኬ"፣ በቁቤ በ"ኪው" ነው። ያው ልጅ 9ኛ ላይ በአንዱ፣ ዲፕሎማው ላይ በሌላው ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ያደርገዋል። ስለዚህ መፈለጊያ ዓምድ በአማርኛ ክፈቱና በአንድ ደንብ ጻፉ፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀን በ"ሀ"፤ ሰና ሠን በ"ሰ"፤ አና ዐን በ"አ"፤ ጸና ፀን በ"ጸ"። ፋጡማና ፋጢማ፣ መሐመድና ሙሐመድ ደግሞ አንዱን መርጣችሁ በእሱ ብቻ ጻፉ። የአጻጻፍ ክርክር አታንሱ፣ ሰውየው ራሱ የሚጽፍበት ዓምድ ሌላ ነው።

የአያት ስም የግድ ነው። በጅማ ሮስተር ላይ መሐመድ አህመድ አንድ ብቻ ሆኖ አይገኝም፣ ተስፋዬ በቀለም እንደዚያው። ሴቶች አገር ውስጥ ሲያገቡ ስማቸው አይቀየርም፤ ውጭ የሄዱት ግን በባል ስም ወይ በአያት ስም ሊጠሩ ይችላሉ፣ በፌስቡክ ብትፈልጓቸው አታገኟቸውም። "በሃይስኩል ስምሽ ማን ነበር?" የምትል መስመር ፎርሙ ላይ ትግባ።

የሰፈር ስምም ጻፉ። ኮቺ፣ መንደራ፣ ሄርማታ፣ ጅረን፣ ፈረንጅ አራዳ እያላችሁ። ቅጽል ስምም እንዲሁ፤ ሰው የአባቱን ስም የረሳውን ልጅ በቅጽል ስሙ ያስታውሰዋል።

የአዌቱ ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር፦ ከድሮ ማስታወሻ ደብተሮች ላይ ብዙ ስልክ ተገኝቷል፤ አንዱም አይሠራም። ይጣል?

ሪያድ ያለው
አትጣል! 07 የሚጀምረውን አይተህ ሳፋሪኮም እንዳይመስልህ። ድሮ የጅማ መስመር ኮድ 07 ነበር፤ በ1998 መጀመሪያ ላይ ቁጥሮች ሲቀየሩ 047 ሆነ፣ ከስድስቱ አሃዝ ፊትም ቁጥር ተጨመረ። የድሮው 07 እና ስድስት አሃዝ፣ አሁን 047 እና ሰባት አሃዝ ነው። የቤት ስልክ ስለሆነ ልጁ ባይኖርም እናቱ ወይ ታናሹ ያነሱታል፣ ካልተቆረጠ። ሞባይሉ 0917 ከሆነ ደግሞ በዚያን ጊዜ በጅማ አካባቢ የወጣ ሲም ነው፤ ቢያንስ ከየት እንደነበረ ይነግርሃል።

ተጠንቀቅ፦ ለረጅም ጊዜ ያልተሞላ ሲም ለሌላ ሰው ይሰጣል። ስለዚህ ስልኩ እንደተነሳ "አንተ እገሌ ነህ? ከሃይስኩል ጠፍተህ…" ብለህ የሰውን ታሪክ ለማታውቀው አትዘርግፍ። ሰላምታ፣ የራስህ ሙሉ ስም፣ "በዚህ ቁጥር እገሌን ፈልጌ ነበር"፣ ከዚያ ዝም። እሱ ካልሆነ ይቅርታ ብለህ ዝጋ፤ ሰንጠረዡም ላይ "ቁጥሩ የሌላ ሰው ነው" ብለህ ከነቀኑ ጻፍ፣ ሌላው ደግሞ እንዳይደውልለት።

ፈረንጅ አራዳ
22 ጥያቄ! የሥራ ማመልከቻ ነው እንዴ? 😄

ቁም ነገሩ ግን ብዛቱ ብቻ አይደለም። "የት ደረስክ?" "የትምህርት ደረጃ?" "የሥራ ኃላፊነት?" የሚሉ ጥያቄዎች ዶክተሩንና ኢንጂነሩን ያስሞላሉ፤ ሸዋበር ላይ ሱቅ ያለውን፣ ባጃጅ የሚነዳውን፣ ከአረብ አገር ባዶ እጇን የተመለሰችውን ዝም ያሰኛሉ። ከዚያ "አይመልሱም፣ ግድ የላቸውም" ይባላል።

አምስት ጥያቄ ይበቃል። አሁን የት ከተማ ነህ? ቀኑን በምን ታሳልፋለህ? (ሥራ ብላችሁ አትጻፉ፤ እናት የምታስታምም ሴትም መልስ አላት።) ከክፍላችን ማንን በቅርብ አግኝተሃል? ወሬህ ለማን ይነገር፣ ለሁሉም፣ ለሴክሽንህ፣ ለማንም? በምን እንገናኝ? ሦስተኛዋ ጥያቄ ከሁሉም ትበልጣለች፣ አዲስ ስም የምታወጣው እሷ ናት።

ፎርም የማይከፍትለት ወይ የማይመቸው በድምፅ ይላክ። የአንድ ደቂቃ የቴሌግራም ድምፅ ከፎርም በላይ ያወራል፤ አንድ ሰው አዳምጦ ወደ ሰንጠረዡ ያስገባል። አፋን ኦሮሞ የሚቀናው በአፋን ኦሮሞ ይናገር፤ ጅማ ላይ ይህን መከልከል ግማሹን ሰው መከልከል ነው።

ቡና ለቀማ
ሰው የሚገኘው በሰው ነው። 520 ስም ለአስተባባሪ ኮሚቴ አትስጡ፣ አምስት ሰው 520 ሰው አይደውልም። ለአንድ ሰው 12 ስም፣ ከራሱ ሴክሽን ብቻ፣ በሦስት ሳምንት። 43 ወይ 44 ሰው ያስፈልጋችኋል፤ 90 አላችሁ። ከ12ቱ ሦስት ወይ አራቱን ያጣል፤ ያጣውን ይመልስና ለሌላ ሰው ይሰጥ፣ እሱው ጋ አይክረም። አንድ ሰው እጅ ላይ የከረመ ስም ጠፋ ማለት ነው።

ከከተማው ውጭ ያሉት በገበያ ቀን ይገኛሉ። የሰቃ፣ የየቡ፣ የሰርቦ ሰው ስልኩን ባያነሳም የአገሩ ነጋዴ ያውቀዋል።

መዝገብ ቤት
ያልተነሳው የሞት ጉዳይ ነው። ባች የሚበተነው በገንዘብ ይመስለናል፤ ከገንዘብ ይልቅ በዚህ ነው።

ግሩፕ ላይ አንዱ "እገሌ አርፏል፣ ነፍስ ይማር" ይላል፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሰማንያ ሰው ከሥሩ ያለቅሳል። እዚያው ግሩፕ ውስጥ ግን ዱባይ ወይ ቤይሩት ያለች እህቱ አለች፤ ቤተሰብ ገና አልነገራትም። መርዶ በእኛ አገር ለምን በማለዳ፣ ለምን በሽማግሌና በዘመድ ተከቦ እንደሚነገር ሁላችንም እናውቃለን፤ ሰው ብቻውን እንዳይሰማው ነው። ስልክ ያን ሁሉ በአንዴ ያፈርሰዋል፤ እሷ ደግሞ ሥራ ቤት ቆማ ነው የምታነበው።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ይሁን። ግሩፕ ላይ ማንም የሞት ወሬ በቀጥታ አይጽፍም፤ ለአንድ የታወቀ ሰው በግል ይልካል። ያ ሰው ሰንጠረዡ ላይ "ይጣራ" ብሎ ብቻ ይጽፋል። ከሁለት ምንጭ ይጠይቃል፤ አንደኛው ቤተሰብ ወይ የሰፈሩ ዕድር ይሁን። የዕድር ጸሐፊ መዝገብ አለው፣ የአባት ስምም ቀኑም እዚያ አለ። የአያት ስም ሳይጣራ አይጻፍ፦ ሁለት መሐመድ አህመድ ባለበት ባች የሞተው አንዱ ነው፣ የሚለቀሰው ግን ለሁለቱም ይሆናል። ከዚያ ቤተሰቡ "ለሁሉም ነግረናል፣ ጻፉት" ሲል ይጻፋል። ቤተሰብ ያልተገኘለት "ይጣራ" እንዳለ ይቆይ። ለዓመትም ቢሆን ይቆይ።

ሲጻፍም የሟቹን ሃይማኖት እወቁ። ለሙስሊሙ ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን፣ ለክርስቲያኑ ነፍስ ይማር። ለፕሮቴስታንቱ ነፍስ ይማር አይባልም፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ይበቃል። ምክንያተ ሞት አይጻፍ። ሰው ይጠይቃል፣ አይመለስለትም።

የስድሳ ስድስቱ
ልጆች፣ የምትሉት ደግ ነው። በእኛ ዕድሜ ላሉ ባቾች ግን አንድ ነገር ይታከል። ከተማው የከፋ ክፍለ ሀገር መቀመጫ በነበረበት ጊዜ የተማረው ሰው መዝገቡ እንደናንተ በዓመት አይሄድም። በ1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 11ኛና 12ኛ ክፍል ያለው ከትምህርት ገበታው ተነስቶ ወደ ገጠር ወጣ። የተመለሰውም በሌላ ዓመት፣ በሌላ ሴክሽን ገባ። ከዚያም የመጣው ዘመን መጣ። ሮስተር ላይ ስሙ ኖሮ፣ ውጤቱ ባዶ ሆኖ፣ "ለቀቀ" የሚል ቃል እንኳ ያልተጻፈበትን ስታገኙ "አቋረጠ" ብላችሁ አትሙሉት። ባዶውን ባዶ ተዉት፤ ታናናሾቹን ፈልጉና ስሙ መዝገብ ላይ እንዳለ ብቻ ንገሯቸው። ጥያቄ አታብዙባቸው። የሚነግሯችሁ ካለ ይነግሯችኋል።

ፈረንጅ አራዳ
ጋሼ፣ እናመሰግናለን። ለ"አቋረጠ" ዓምድ ሌላ ቃል እናስገባለን፣ "አይታወቅም" የሚል።

ኮቺ ሰፈር
የገንዘብና የማጭበርበር ነገር፣ ባጭሩ፦

አካውንቱ በሦስት ሰው ስም ይከፈት፣ ሁለት ፊርማ ያውጣ። በአንድ ሰው የሞባይል ባንኪንግ አትሰብስቡ፤ ሰውየው ታማኝ ቢሆንም ስልኩ ይሰረቃል። ደረሰኙ በየወሩ ይለጠፍ።

ቴሌግራም ላይ የክፍል ጓደኛችሁ በራሱ አካውንት "ቸግሮኝ ነው፣ 5,000 ብር እስከ ነገ" ቢላችሁ ደውላችሁ ድምፁን ስሙ። አካውንት ሲጠለፍ ሌባው መጀመሪያ የሚገባው ባች ግሩፕ ነው፤ ሃያ ዓመት ያልተያየ ሰው አነጋገሩን አይለይማ። የሚጠለፈውም አብዛኛውን ጊዜ "ለውድድር ምረጡኝ" በሚል ሊንክ ገብቶ የመጣለትን ኮድ ራሱ ሲሰጥ ነው። ሁሉም ሴቲንግስ ውስጥ ገብቶ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ከዚያ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽንን ያብራ። የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ይጻፍ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

የግሩፑ አባላት ዝርዝርም ይደበቅ፣ አባላቱ ከ100 ሲያልፉ አድሚን ከግሩፑ ሴቲንግ ሊደብቀው ይችላል።

ቡና ለቀማ
መገናኛው መቼ ነው? ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ አይሆንም፤ ቡና ነው፤ ገበሬውም ነጋዴውም ሾፌሩም አይመጣላችሁም። ክረምትም አይሆንም፤ የጅማ ዝናብ ድንኳን አያስተክልም።

ሪያድ ያለው
የ2019ን ቀን ቆጥሬዋለሁ። ረመዳን የካቲት መጀመሪያ ላይ ይገባል (ጨረቃ ስለሆነ አንድ ቀን ወዲህ ወዲያ)። ሁዳዴ የካቲት 29 ይገባና ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው። ስለዚህ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ አንዱ ሲፈታ አንዱ ይጾማል። የቀረው ከጥምቀት በኋላ ያለው ጥር ነው፤ ጥር 15 ወይም 22፣ ሁለቱም ቅዳሜ ናቸው። ዓርብን ለጁምዓ ተዉት፤ የጾም ቀንም ነው።

ሸዋበር
ጥር የሰርግ ወር ነው ወንድሜ። አዳራሽ በዕጥፍ ነው፣ ድንኳንና ወንበርም እንደዚያው፤ ቅድሚያ ክፍያ እስከ ኅዳር ካልተከፈለ አይገኝም። ቀኑን ለትምህርት ቤቱ አስታውቃችሁ ግቢው ውስጥ ብታደርጉት ይሻላል፤ ቅዳሜ ነው፣ ጥላ አለ፣ ሰውም የድሮ ክፍሉን ማየት ይፈልጋል።

ምግቡ ሁለት ሥጋ ነው፤ የሙስሊም ለብቻ፣ የክርስቲያን ለብቻ። በአንድ ድስት፣ በአንድ ጭልፋ ማለት አይቻልም፤ አስተናጋጁም ይለይ። በሬ ሁለት ማረድ ካቃተ ሥጋውን ጭራሽ ተዉትና ሽሮ፣ ምስር፣ አትክልት፣ ዓሣ አድርጉት፤ ሁሉም ከአንድ ገበታ ይበላል፣ ወጪውም ይቀንሳል። እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው። ቡና ግን አይቆጠብ፤ ለ200 ሰው ሁለት ረከቦት ብላችሁ እንዳታዋርዱን፣ ቢያንስ ስድስት።

የአዌቱ ልጅ
ተጨበጠ። 22ቱ ጥያቄ ወርዷል። ግሩፑ ላይ የሚሰካው ጽሑፍ ይህ ነው፣ አርሙልኝ፦

"የ1998 የ10ኛ ክፍል ባች። የምንፈልገው የተሳካለትን አይደለም፣ የተማረውን ሁሉ ነው። አምስቷን ጥያቄ በጽሑፍ ወይ በድምፅ መልሱ፤ በሚቀናችሁ ቋንቋ። የማይነገር ካለ አይነገርም። የሞት ወሬ ግሩፕ ላይ አይጻፍ፣ ለአስተባባሪ በግል። ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ከደረሳችሁ ደውሉ። የመጀመሪያው የኦንላይን ስብሰባ ቅዳሜ 2 ሰዓት ነው።"

ሪያድ ያለው
የመጨረሻዋን መስመር አስተካክላት። "2 ሰዓት" ስትል ጅማ ያለው ምሽት 2 ብሎ ይገባዋል፣ ዋሽንግተን ያለው ደግሞ ሌሊት ሊጠብቅህ ነው። እንዲህ በላት፦ "ቅዳሜ ምሽት 2 ሰዓት በኢትዮጵያ፤ ሪያድ በነሱ 8 ፒኤም፣ ዱባይ በነሱ 9 ፒኤም፤ ለንደን በክረምታቸው በነሱ 5 ፒኤም፣ በበጋቸው 6፤ ዋሽንግተን በክረምታቸው በነሱ እኩለ ቀን፣ በበጋቸው 1 ፒኤም።" ቅዳሜ የሚለው ላይ ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍበት።

የአዌቱ ልጅ
ገባኝ። ሰኞ ደብዳቤው ለትምህርት ቤቱ ይገባል። 9ሲንና 10ዲን የሚገለብጥ ጥንድ ጎድሏል፤ ጅማ ያላችሁ፣ ጠዋት 3 ሰዓት፣ እስክሪብቶ ይዛችሁ። (በኢትዮጵያ 3 ሰዓት።)